የወንዛዬ ቦይ በዘይት ቀለም

በልጅነቴ ደብረ ታቦር ውስጥ በሥዕል የማውቀው ውሃ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ውሃ ነው። ዮርዳኖስ በጥምቀቱ ሥዕል ላይ፣ የኤርትራ ባሕር የፈርዖን ሠራዊት በሰጠመበት ግድግዳ ላይ። ሰማያዊ መስመር በመስመር ላይ ይደረደራል፤ በመስመሮቹ መካከል ዓሣ ይገባል፤ ፈረሱ ከነፈረሰኛው ይገለበጣል። ያ ውሃ ጥላ የለውም፣ ሰማይም አይታይበትም። ምን ያደርግለታል? ሠዓሊው የሚነግረን የእግዚአብሔርን ሥራ እንጂ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አይደለም። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ውሃ ነው። በየሻይ ቤቱና በየልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ ዓመቱ ካለፈ በኋላም ሳይወርድ የሚከርም ሥዕል፤ ውሃ የሞላው መንገድ፣ በግራና በቀኝ ፎቅ፣ ቅስት የድንጋይ ድልድይ፣ ቀጭን ጥቁር ጀልባና ረጅም ዘንግ የያዘ ቀዛፊ። ቬኒስ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ጎበዝ ሠዓሊ የሚባለው እሱን አሳምሮ የገለበጠ ሰው ነበር።

እኔም ገልብጫለሁ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ 1970ዎቹ እየተጋመሱ ነበር። ሥዕል ያስተማሩን መምህር አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ፣ ንግግር የማያበዙ፣ ሲጋራ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የቀን መቁጠሪያውን ሥዕል በእርሳስ በካሬ ከፋፍለን፣ ካሬውን በአቡጀዲ ላይ አሳድገን እንድንሥል አደረጉን። የዘይት ቀለም የምንለው የበርና የመስኮት ቀለም ነው፤ በአኳራጃ እያቀጠንን እንቀባዋለን። ነጩ ወራት ሳይቆይ ይወይባል፤ ሰማያዊው ሲደርቅ ያብረቀርቅና ዓይን ይወጋል። የእኔ ግልባጭ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ ነበር፤ ዋጋውም ለአባቴ በብርሌ ተከፈለ።

መምህራችን በግልባጩ ብዙም አልተደነቁም። ቀዛፊውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቀውም ጋሼ።»

«ውሃውንስ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ማነህና ታስተካክለዋለህ?» ብለው ሲጋራቸውን ለኮሱ። ድልድዩን ከመጀመሪያው ይልቅ ሰፋ አድርጌ ስለሠራሁት ነው። ነገሩ ቀልድ ይሁን ቁጣ ዛሬም ድረስ አልለየሁትም።

ወንዛዬን ያወቅሁት በአያቴ ቁርጥማት ሰበብ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቷ ከጉና ተራራ በሚወርድ ብርድና ጭጋግ የሽማግሌና የአሮጊት ጉልበት ይበላል። መስቀል ሲያልፍ አቅም ያለው ሁሉ ስንቁን አህያ ላይ ጭኖ ወደ ደራ ይወርዳል። ወንዛዬ እዚያ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለ ፍል ውሃ ነው። ሰዉ ዳስ ጥሎ፣ ሽሮና በሶውን ይዞ ይሰነብትና በየተራው ይታጠባል። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ጉልበቱ የዛለ፣ ምንም ሳይሆን ለጨዋታው የመጣም አለ። ፍል ውሃውን እንደ ጸበል የሚያየው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀልድና ጩኸት አይወደድም።

እኔ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዤ እዞር ነበር። አያቴ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሴቶች በሚታጠቡበት ምን ያንጎራድድሃል? ውረድ ወደ ታች!» ብለው አባረሩኝ። ወደ ታች ወረድኩ። እዚያ ከመታጠቢያው የሚወጣው ትርፍ ውሃ በተቆፈረ ቦይ እየሄደ፣ ገበሬዎች በድንጋይና በቅጠል ጠልፈው ካመጡት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይገናኛል። ማለዳ ነበር። ከመገናኛው በላይ ያለው ቦይ ያጨሳል፤ ከመገናኛው በታች ያለው ሰማይ ይዞ ተኝቷል። በዳሩ የዋንዛ ዛፍ አለ፤ ከማዶ ባሕር ዛፍ። ጭሱ በዋንዛው ጥቁር ግንድ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ይመስላል፤ ከግንዱ አልፎ ሰማዩ ፊት ሲደርስ ደግሞ ያው ጭስ ቢጫ፣ እንዲያውም ቆሻሻ ቢጫ ይሆናል። በእርሳስ ልይዘው አልቻልኩም። እርሳስ ለዚህ ነገር አልተሠራም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ያወቅሁት አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። እሳቸው ቺካጎ ተምረው የተመለሱ፣ ለአገሪቱ ሠዓሊዎች የሚሆን ቤት ለመክፈት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። እኔ በገባሁበት ጊዜ ከአስተማሪዎቻችን ከፊሎቹ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ነበሩ፤ ሩሲያውያን ተማሪን ትንሽ ሰሌዳ አስይዘው ሜዳ ላይ የማሰማራት የቆየ ልማድ ስላላቸው እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣ ነበር። የሩሲያ ሥሪት የዘይት ቀለም በቱቦ ያየሁትም ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ቱቦ ስጨምቅ የወጣው አልትራማሪን ነበር። የበር ቀለም ሰማያዊና ይህ ሰማያዊ ዘመድ አይደሉም።

ቱቦው ራሱ ታሪክ አለው። ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 በቆርቆሮ ቱቦ ቀለም ማሸግን እስኪፈጥር ድረስ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የተበጠበጠ ቀለም የሚያስቀምጡት በአሳማ ፊኛ ነበር። ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ ሜዳ ላይ ይዘውት አይወጡም። ቱቦው ሲመጣ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ ኮባልትና ቪሪዲያንን የመሳሰሉ አዳዲስ የፋብሪካ ቀለሞች ሲመጡ፣ እነ ሞኔ፣ እነ ሲስሌ፣ እነ ፒሳሮ የሚባሉ ሠዓሊዎች ከቤት ወጡ። ሲስሌ የፓሪሱን ቅዱስ ማርቲን ቦይ እ.ኤ.አ. በ1870 ሣለው፤ ሞኔ በማግሥቱ ዓመት ሆላንድ ውስጥ ዛንዳም የምትባል ከተማ ገብቶ ቦዮቿን ከነነፋስ ወፍጮዎቻቸው ሣለ። ቬኒስን ግን ያየው በስተርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እነዚህ ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1874 ያሳዩትን ሥዕል ያየ ሉዊ ሌሯ የተባለ ጋዜጠኛ ከሞኔ ሥዕል ርእስ ቃል አንሥቶ ለማላገጫ «ኢምፕሬሽኒስት» አላቸው። ስድቡ ማዕረግ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዘመን ደብረ ታቦር ምን ትሠራ ነበር? ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ምድጃ ይነድ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያፈሰሱት በእኛ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው። ከንጉሡ ጋር ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ኤድዋርድ ዛንደር ሙያው ሥዕል የነበረ ጀርመናዊ ነው። የጋፋትን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ንጉሡ ከአውሮፓ የፈለጉት መድፍ መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ብሩሽ የያዘው ሰውዬ አጠገባቸው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው የመድፍ ነበር።

ዘወትር የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ኢምፕሬሽኒዝምን ዘልሎት አለፈ። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ቦዛር የተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው የአካዳሚውን ሥርዓት ነው፤ መልክ መሣልን፣ ጥላና ብርሃንን በቤት ውስጥ። ቀጥሎ የወጡት እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ፣ እነ እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ሲደርሱ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ ያገኙት ኤክስፕረሽኒዝምንና ረቂቁን ሥዕል ነው። ይዘውት የመጡትም እሱን ነው፤ ትልቅ ነገርም ሠሩበት። እኛ ተማሪዎች ስለ ገብረ ክርስቶስ እንጨቃጨቅ ነበር እንጂ ስለ ሞኔ የሚያወራ አልነበረም። «የአክስቶች ሥዕል» ይሉት ነበር ጓደኞቼ። በዚህ መካከል አንድ ሥራ ሳይሠራ ቀረ፤ ሜዳ ላይ ቆሞ የዚህን አገር ብርሃን በሰዓቱ መያዝ። የሃይማኖት ሥዕላችን አላስፈለገውም፤ ዘመናዊው አልፎት ሄደ። ይህን ስል የሚቆጡኝ ሠዓሊዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ይቆጡ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ የጥቅምት ዕረፍት የቀለም ሣጥኔን ይዤ ወንዛዬ ወረድኩ። አያቴ አርፈዋል። ዳሱ፣ ሽሮው፣ የሴቶቹ ተራ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። እኔም ያለ ማንም ተቆጪ ወደ ታች ወረድኩ።

ሸራ ውድ ስለነበር የሠራሁት በኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ኮምፔንሳቶውን በሙጫና በጀሶ ሁለት ጊዜ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ፤ ከላዩ ቀጠን ያለ ኦክር አሳርፍበታለሁ። ነጭ ሰሌዳ ይዞ ማለዳ ሜዳ ላይ መውጣት ዓይን ያሳውራል፤ በነጩ ላይ የሚቀባው ቀለም ሁሉ ጥቁር መስሎ ይታይና ሠዓሊው ሳያስፈልግ ያነጣዋል። ኦክር ላይ ሲሆን ግን የጉማራ ውሃ ቀለም ገና ሳይጀመር ግማሹ ተሠርቷል። ጉማራ የጉናን አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ቡናማ ነው፤ ጥቅምት ላይ ጠራ ቢባልም መሠረቱ ቡናማ ነው። ከቱቦ የወጣ ሰማያዊ ያፈሰሰበት ሰው የሣለው ሌላ አገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ፍሬ ነገር እዚህ ስላለ። ደፍረስ ያለ ውሃ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ያሳያል፤ የራሱን አፈርና የሰማዩን መልክ። የትኛው የት እንደሚበረታ ካላዩ ቦዩ መንገድ ይሆናል። ሰማዩ በሚያርፍበት በኩል ሰማዩ ያሸንፋል፤ አፈሩ አይታይም። የዋንዛው ጥላ በሚወድቅበት በኩል ሰማዩ ይከለከልና አፈሩ ከሥር ብቅ ይላል፤ ሞቅ ያለ፣ ቀላ ያለ ቡናማ። ስለዚህ ጥላው ከብርሃኑ ይልቅ ሞቃት ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ተቃራኒውን ነበር፤ ብርሃን ይሞቃል፣ ጥላ ይቀዘቅዛል። ቦዩ ዳር ባለው ደረቅ መሬት ላይ ሕጉ ይሠራል፤ የባሕር ዛፉ ጥላ ሣሩ ላይ ወይን ጠጅ ነው። ውሃው ላይ ይገለበጣል። ሌላም ሕግ አለ፤ ጥቁር ነገር በውሃ ውስጥ ሲታይ ጥቂት ይነጣል፣ ነጭ ነገር ጥቂት ይጠቁራል። የዋንዛው ግንድ በውሃው ውስጥ ከራሱ ከግንዱ ይልቅ ፈካ ይላል፤ ነጠላ ለብሳ የቆመች ሴት በውሃው ውስጥ አመድማ ናት።

ጥቁር ቀለም አልያዝኩም። ጥቁሩን የምሠራው ከተቃጠለ ሲየናና ከአልትራማሪን ነው፤ ወደሚፈለገው ወገን ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የዛፎቹን ነጸብራቅ ከላይ ወደ ታች በሰፊ ብሩሽ አወርዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የውሃውን ገጽ በአግድሙ አሳርፋለሁ፤ አጭር አጭር፣ ተመልሶ ሳይነካ። ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ጥልቀቱ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄደው ቆዳው ነው። ጭሱ መጨረሻ ይመጣል። የሥሩ ቀለም ያዝ ያዝ ማድረግ ሲጀምር በደረቅ ብሩሽ እያሻሹ ነው። ነጭ ብቻውን ከሆነ ጭሱ ጥጥ ይሆናል። በግንዱ ፊት ግራጫ ሰማያዊ፣ በሰማዩ ፊት ኦክር የነካው ነጭ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ያ ቆሻሻ ቢጫ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የእንፋሎት ጠብታ ብርሃኑን በትኖ ሰማያዊውን ወደኛ ይልካል፣ ከኋላው ብርሃን ሲኖር ግን የሚያልፈው ቢጫው ነው።

ሰዓቱ አያደርስም። ጥቅምት ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጥላው ረጅም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይጠፈጠፋል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ እንኳ የማንሞላ ሰዎች ነን። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና በፍልሰታ ወቅት፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሰው ጥላውን በእግሩ ይረግጣል። ስትጠልቅም ቁልቁል ስለምትወርድ ምሽቱ ወዲያው ነው። ሞኔ በሚሥልበት ኖርማንዲ የበጋ ምሽት ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚጨልመው፤ እሱም ቢሆን ብርሃኑ ሲቀየርበት ሸራ እየቀየረ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 የሣላቸው የክምር ሥዕሎች እንዲያ የተሠሩ ናቸው። ክምር! ጥር ላይ ፎገራ ሜዳ የወረደ ሰው ከሞኔ ክምሮች የሚበልጥ ክምር በየአውድማው ያያል፤ የሚሥለው የለም እንጂ።

የቦዩ ባለቤት የመጡት ጭሱን እየሠራሁ ነው። ባለቤት ስል የውሃ አባቱን ነው፤ ውሃ በየተራው ለየማሳው የሚያካፍሉት፣ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሰው። አካፋ ተሸክመው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ይሠራል ልጁ?»

«ቦዩን እሥላለሁ አባቴ።»

አካፋቸውን ተክለው ጎንበስ ብለው አዩ። ስለ ወይን ጠጁ ጥላ ወይም ስለ ቢጫው ጭስ ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን በጣታቸው ወደ መሀል እያመለከቱ «ይህ ውሃ ቆሟል» አሉ።

«ቆሟል?»

«የቆመ ውሃ ማሳ አይደርስም። መሀሉ ይሮጣል፤ ዳር ዳሩ ይጎተታል። እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፤ ውሃው ሳይነካው በፊት ያብጣል፣ ካለፈው በኋላ ይጨማደዳል። አንተ ጋ ድንጋዩም የለ።»

ድንጋዩ ከውሃው በታች ስለነበር አልታየኝም ነበር። እሳቸው የሚያዩት ግን ድንጋዩን ሳይሆን ውሃው ላይ የሚያደርገውን ነው። የአንድ ዓመት የክፍል ትምህርት የሚያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝና የአንዱን ማሳ ዘግተው ለሌላው ሊከፍቱ ሄዱ። የመሀሉን ምት ረዘም አድርጌ፣ የዳሩን አሳጥሬ፣ ድንጋዩ ያለበት ላይ በስፓቱላ ጫፍ ትንሽ ብርሃን አሳበጥኩበት። ውሃው ሄደ። በማግሥቱ ሲመጡ «አሁን ይሁን» ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቺ አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ሥራውን የሚያውቅ አልገጠመኝም።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃ እንደሚተን ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሚጠጥር ነው። ዘይቱ የተልባ ነው። ከጉና ግርጌ ገበሬው የሚዘራው፣ እናቶቻችን ቆልተው በጥብጠው ለሆድ የሚሰጡት ተልባ ሠዓሊ ሸራ ላይ ያለው ያው ተልባ ነው። የኑግ ዘይትም ሞክሬያለሁ፤ ከተልባው እጅግ ይዘገያል። ወንዛዬ ላይ የሠራሁት ሰሌዳ ግን ደብረ ታቦር ከወጣ በኋላ በብርዱ ምክንያት ሳምንታት ፈጅቶ ነው የደረቀው፤ የእናቴ ዶሮም አንድ ጥግ ላይ ረግጣበታለች። ዱካው አሁንም አለ።

ከዓመታት በኋላ አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዳ መቀበያው «የውሃ ሥዕል» ፈልጎ አስጠራኝ። የወንዛዬውን ወሰድኩለት። አየት አደረገውና «ቦይ ማን ይሰቅላል? ቦይማ ደጃችን አለ» አለ። የፈለገው ቬኒስን ነበር፤ ከነድልድዩ፣ ከነቀዛፊው። ሠርቼ ሰጠሁት፣ ከፈለኝም። ሥራ ነው። ሰውዬው ግን ሳያውቅ ትክክለኛውን ነገር ተናግሯል፤ ደጃችን ስላለ ነው ያልተሣለው።

ደጃችን ያለው ደግሞ እየተለወጠ ነው። ፎገራ እኔ ልጅ ሳለሁ ሩዝ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው የገባው። ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚባለው ሩዝ ከወረታ ዙሪያ እስከ ጣና ዳር ሜዳውን ይዞታል፤ ነሐሴ ላይ ማሳው ውሃ ቋጥሮ ከጉና የሚመጣውን ደመና እንዳለ ይይዛል። በበጋ ሽንኩርት ለማጠጣት ሞተር ፓምፕ ጉማራ ዳር ያንኳኳል። የርብ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሲሚንቶ የለበሱ ቀጥ ያሉ ቦዮች መጥተዋል። ለገበሬው ጥሩ ነው፤ ለሠዓሊም አይከፋም፤ ሲስሌና ሞኔ የሣሏቸው ቦዮችም ሰው ለጥቅሙ የቆፈራቸው ነበሩ እንጂ የገነት ወንዞች አልነበሩም።

ስለ ሞኔ ካነሣሁ የኩሬውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1893 ጊቨርኒ በሚገኘው ቤቱ አጠገብ መሬት ገዝቶ፣ ከኤፕት ወንዝ ቅርንጫፍ ውሃ ጠልፎ ኩሬ ለመሥራት ሲነሣ የመንደሩ ሰዎች ተቃወሙት። ባዕድ ተክል ውሃችንን ይመርዝብናል ብለው ነው። ክርክሩ እስከ አስተዳዳሪው ድረስ ደርሶ በመጨረሻ ተፈቀደለት፤ በዓለም የታወቁት የውሃ አበባ ሥዕሎች የተሠሩት ከዚያ ኩሬ ነው። የኪነ ጥበብ መጻሕፍት የጊቨርኒን ገበሬዎች እንደ ደንቆሮ አድርገው ያወሯቸዋል። እኔ ግን እምቦጭን አይቻለሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ለዓይን እጅግ ያማረ ተክል ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የፎገራን ዳርቻ ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁን ጀልባ አስቀርቷል፤ ገበሬው ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ሠዓሊ ሆኜ ስመለከተው እጄን ይበላኛል፤ የአገሩ ልጅ ሆኜ ስመለከተው ይቆጠቁጠኛል። አንድ ጊዜ ሣልኩት፤ ያየው ሁሉ «ያምራል» አለ፤ ከወረታ የመጣ ዘመዴ ብቻ «ይህን አረም ከግድግዳ አውርድልኝ» አለኝ። አወረድኩት።

ዛሬ ሥዕል የሚማሩ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሡና ቤታቸው ገብተው ይሥላሉ። አልቃወምም፤ ፎቶው ግን ጥላውን ያጠቁረዋል፣ ሰማዩን ያነጣዋል፣ በጥላው ውስጥ ያለውን ሞቃት አፈር ይውጠዋል። ጭሱ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚዞርበትን ቦታ ስልክ አይነግራቸውም። ብሩሽ የያዛችሁ የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የሐሙሲት ልጆች፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከመስቀል እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውረዱ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቦታችሁን ያዙ፤ ከሚታጠበው ሰው ራቅ በሉ፤ የማሳውን ባለቤትና የውሃ አባቱን አስፈቅዱ።

ቤታችሁ የቆየ የዘይት ሥዕል ያላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና አትወልውሉት፤ ከምድጃ በላይ አትስቀሉት፤ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉለት። ጀርባውን ገልብጣችሁም ማን እንደሣለው፣ የት እንደሣለው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሣለው የምታውቁትን በእርሳስ ጻፉበት። እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ይዘልቃል።